ከሳሎኑ መስኮት በላይ ያለው ፊት

እናቴ ሮም ውስጥ ብዙ ዘመን የሠራችው ከፒያሳ ቪቶሪዮ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት ነው። እኔም በልጅነቴ ከአዲስ አበባ መጥቼ የተቀላቀልኳት እዚያው ነበር። ጣሪያው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል አብረን እንተኛለን።

የመንገዱ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ በርና ደረጃ አለው፤ ከውጭ ሲታዩ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ቤተ መንግሥት ይመስላሉ። ከግድግዳው ግማሽ ጎናቸው ብቅ ያለ አምዶች እኩል ተራርቀው ቆመዋል። ከየመስኮቱ በላይ ደግሞ ፀጉሯን በስንዴ ዛላ ያስጌጠች ሴት ፊት ተቀርጿል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማዶ ቆሜ አያቸው ነበር። ከሲኞራዋ ሳሎን በላይ ያለውን ግን ዝናብ በልቶት፣ አፍንጫም ዓይንም የሌለው እብጠት ብቻ ቀርቷል። እሱን ባየሁ ቁጥር ይከፋኝ ነበር።

ካደግሁ በኋላ የስቱኮ ሥራ ተማርኩ፤ ኖራና የእብነ በረድ ዱቄት አቡክቶ የግድግዳ ጌጥ ማውጣት። እናቴ አልወደደችውም።

"ጭቃ ልታቦኪ ነው ያመጣሁሽ?"

"ኖራ ነው እኮ እማዬ።"

"ኖራም ሲረጥብ ያው ጭቃ ነው።"

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እነዚያ ቤቶች ሊታደሱ ሆነና ሥራው እኔ ለተቀጠርኩበት ድርጅት ደረሰ። በመጀመሪያው ጠዋት ግድግዳው ላይ በተተከለው የብረት መወጣጫ ወጥቼ ከክፍላችን መስኮት ፊት ለፊት ስደርስ፣ እናቴ ከፈተችና ክው አለች። "በበር መግባት ተውሽ?" አለችኝ።

ካፖአችን፣ የሥራ አለቃችን ማለት ነው፣ በዚህ ሙያ ያረጁ ሰው ነበሩ። የጠፋውን ፊት ማን እንደሚሠራው ሲጠይቁ ቀድሜ "እኔ" አልኩ።

"እጅሽ ገና ነው" አሉኝ።

"ይሞከራ!"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ። ካላማረ ግን ይፈርሳል።"

ሠራሁት። ዓይኗ የሚያምር፣ ጉንጯ ለስላሳ፣ እንዲያውም ከጎረቤቶቿ የበለጠች ቆንጆ። ካፖው አይተው ክንዴን ይዘው ወደ መንገዱ አወረዱኝ። "አሎራ፣ በይ አሁን እያት" አሉ። ቀና ብዬ ሳይ ያቺ ቆንጆ ምድጃ እንደረሳት ሊጥ ጠፍጣፋ ሆናለች። ሌሎቹ ከቅርብ ሲታዩ ዓይናቸው የጎደጎደ፣ አፍንጫቸው የረዘመ፣ አስቀያሚዎች ናቸው። ከመንገድ ሲታዩ ግን ጥላው ይሞላቸውና ሕያው ይሆናሉ። የጥንቱ ባለሙያ የሠራቸው ለሚያልፍ ሰው ነበር ለካ። ተመልሼ ወጣሁና የራሴን ፊት በራሴ መዶሻ አፈረስኩት።

ሁለተኛውን ደፍሬ አስቀያሚ አደረግሁት። ዓይኑን በጥልቀት ቆፈርኩ፣ አፍንጫውን ሳብኩ፣ የላይኛውን ከንፈር ወደፊት ገፋሁ።

ኖራው ጠንክሮ መወጣጫው ከተነሣ በኋላ፣ ሥራውን የምትመረምር የቅርስ ተቆጣጣሪ መጣች። ሁላችንም ማዶ ተሰልፈን ቆምን። እናቴም ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ይዛ አጠገቤ ቆመች።

"አዲሷ የትኛዋ ናት?" ብለው ካፖው ተቆጣጣሪዋን ጠየቋት።

ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያም በእርግጠኝነት የጎረቤቱን ቤት ፊት አመለከተች።

ካፖው ሳቃቸው ፈነዳ። "ያቺ የድሮዋ ናት! አዲሷ የሳሎኑ ናት፤ የሠራቻትም ይህቺ ልጅ ናት!" ብለው ትከሻዬን መቱኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀምጣ እልልታዋን አቀለጠችው።

ካፖው ደንገጥ ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

"ደስ ሲለን የምናሰማው ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው ትድገመው!"

ደገመችው። ሲኞራዋ መስኮታቸውን ከፍተው "ብራቫ!" ብለው አጨበጨቡ። ቀጥሎ የጎረቤታቸው መስኮት ተከፈተ፣ ከዚያ የሚቀጥለው፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ። ከየፊቶቹ ሥር ሰው ብቅ ብቅ እያለ ወደ እኛ ያይ ጀመር።