በርበሬ የተጠቀለለበት መጨረሻ

ወረታ ላይ ሰውን በሚጠብቀው ነገር ማወቅ ይቻላል። ሾፌሩ ተሳፋሪ ይጠብቃል፤ ገበሬው የርብን ወንዝ ውሃ ይጠብቃል፤ እኔም ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ ምን እንደምጠብቅ በውል ባላውቅም ጠዋት ጠዋት አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አገኘሁሽ የምትባለው ሴት ግን የምትጠብቀውን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። አንድ ሰው ወንዝ ተሻግሮ እንደሆነ መስማት ትፈልግ ነበር። ሰውየው ደግሞ የሚኖረው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

አገኘሁሽ ከመናኸሪያው ጀርባ የሩዝ መፈልፈያ አላት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሞተሩን የምታስነሳውም የምታጠፋውም እሷው ናት። ዕድሜዋን ከሞተር ጋር እየተፎካከረች ስላወራች ሰላምታዋ እንኳ ጠብ ይመስላል። "ደኅና አደሩ ወይ ጋሼ መንግሥቴ!" ስትለኝ መንገደኛው ሁሉ ምን አድርጌያት ይሆን ብሎ ዞር ይላል። ቅንድቧ ላይ ዘወትር የገለባ ብናኝ አይጠፋም፤ ያለዚያ ብናኝ አይቻት የማውቀው በፋሲካ ብቻ ነው።

መጽሐፉን ያገኘችው በልጅነቷ ነው። አንድ ባለሱቅ ከፊትም ከኋላም እየገነጠለ በርበሬ ይጠቀልልበት ነበር። እሷ ማንበብ የጀመረችበት ጊዜ ስለነበር ያየችውን ፊደል ሁሉ ካላነበብኩ ትል ነበር። በርበሬ ልትገዛ ሄዳ፣ "በርበሬውን በእጄ አፍሰውና ይህን ስጠኝ" ብላ የተረፈውን ይዛ ተመለሰች። ርዕሱ የተጻፈበት ሽፋን የለውም፤ መጀመሪያ የለውም፤ መጨረሻም የለውም። መሀሉ ላይ ግን አንድ ባለታንኳ አለ። ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ አንዱ ወዲህ ማዶ፣ አንዱ ወዲያ ማዶ ይኖራሉ። አንድ ክረምት ወንዙ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ ወንድምየው ከማዶ ሲጣራ ይሰማል። ባለታንኳው ብዙ ካመነታ በኋላ ታንኳውን ወደ ውሃው ይገፋል። ከዚያ ወረቀቱ ያልቃል።

"መጨረሻው የማን ወጥ ውስጥ እንደገባ እግዜር ይወቅ" ትላለች አገኘሁሽ።

ሩዝ ለማስፈልፈል ተራ የሚጠብቀው ገበሬ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። እህል አስፈልፍሎ ሲሄድ፣ "ተሻገረ ወይስ አልተሻገረ?" ብሎ ይቀልድባታል። እሷም፣ "ወሬ የለም፤ በሚቀጥለው ሲመጡ ይጠይቁ" ትላለች።

በ2006 ዓ.ም. ነው መሰለኝ፣ ሔለን የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች የአማርኛ አስተማሪ ፌስቡክ ላይ የአንባቢዎች ማኅበር ከፈተች። በወር አንድ መጽሐፍ መርጠን እናነባለን፤ ከዚያ በስልካችን እንከራከራለን። ልጅቱ የፎገራ ሜዳችን ውበት ማርኳት ኖሮ በማኅበሩ ገጽ ላይ የደረሰ ሩዝ ፎቶ ለጠፈች። አገኘሁሽ የማኅበሩን ስም ሳታነብ ሥዕሉን አይታ ገባች። የመጀመሪያ ጽሑፏ ይህ ነበር፦ "ጤና ይስጥልኝ። ያልተፈለፈለ ሩዝ ኩንታሉ ዛሬ ስንት ገባ?"

እንዳልካቸው፣ እሱም የአዲስ አበባ ልጅ፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ወዲያው መለሰ፦ "እትዬ፣ እዚህ የሚፈለፈለው ጭንቅላት ነው።"

ሔለን አፍራ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ አገኘሁሽ ግን አልወጣችም። "ከገባሁማ ገባሁ፤ ተራ ይዣለሁ" ብላ ጻፈች።

መጽሐፍ መምረጥ ሁሌም ጠብ ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ያወድሳል፤ እንዳልካቸውም፣ "ይህ ስብሰባ አበል ከሌለው እኔ ልውጣ" እያለ ያሾፋል። በኋላ ሔለን አንድ ጨዋታ አመጣች። አንዱ ቃል ይወረውራል፤ ተከታዩ ያን ቃል ሲያይ መጀመሪያ ሐሳቡ ላይ የመጣውን ሌላ ቃል ይጽፋል፤ እንዲያ እየተያያዘ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የእንቆቅልሽን ሕግ ጨመርኩበት፦ የዘገየ፣ ወይም የማይያያዝ ቃል ያመጣ፣ አገር ሰጥቶ ይወጣል። እስከ መጨረሻ የቆየ የወሩን መጽሐፍ ይመርጣል፤ የመረጠውንም ሁላችን ካለበት ፈልገን እናነባለን።

እንዳልካቸው ጣቱም እንደ ምላሱ ስለሆነ በየወሩ ያሸንፋል፤ በየወሩም በአጭር ጊዜ ባለጸጋ መሆኛ መንገድ የሚያስተምር መጽሐፍ ያስነብበናል። አንዳችንም ባለጸጋ አልሆንንም። አገኘሁሽ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ስትጽፍ ጊዜው ያልፍባታል። ዋንዛዬን ከነፍል ውሃው ሰጠች፤ አንበሳሜን ከነገበያው ሰጠች፤ በመጨረሻ ጣራ ገዳምንም ሰጠች። እንዳልካቸው፣ "ጣራ ገዳም ገብቼ፣ ከመነኮሳቱ ጋር ቆሎ ቆርጥሜ፣ ለአንቺ ገለባውን ልኬ!" ብሎ ተዘባበተባት።

"መጽሐፍሽን እንዲፈልጉልሽ ለምን ዝም ብለሽ አትጠይቂያቸውም?" አልኳት አንድ ቀን።

"ጠየቅሁ እኮ ጋሼ! ያ ወሬኛ እንዳልካቸው ምን አለኝ መሰለዎት? 'ርዕሱንም ደራሲውንም የማያውቁትን መጽሐፍ ፈልጉልኝ ማለት ስሟን የማላውቃትን ልጅ አጋቡኝ ማለት ነው' አለኝ። ካሸነፍኩ ግን ግዴታው ነው፤ ይፈልጋታል!"

በዚያ ክረምት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዝናብ ያዘኝና መፈልፈያዋ ጥግ ተጠለልኩ። በሰንበት ስለማትሠራ ሞተሩ ዝም ብሏል። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ጨዋታው ተጀምሯል። ጸጥታ ሲሆን ፈጣን ናት ለካ! ሰዉ አንድ በአንድ አገር እየሰጠ ወጣ፤ እኔም "ሰማይ" የሚለው ቃል አደናግሮኝ ደብረ ታቦርን ሰጥቼ ወጣሁ። ሳስበው ለሰማይ መልስ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ አልነበረም።

ሁለት ቀሩ፤ እሷና እንዳልካቸው። እጄን ዘረጋሁላት።

"ስልኩን አምጪና እኔ ልጻፍልሽ።"

"አይሆንም! በሰው እጅ የበሉት አያጠግብም።"

እንዳልካቸው "ዝናብ" አለ። እሷ "ርብ" አለች። እሱ "ጎርፍ" አለ። እሷ፣ ሳታስብ፣ "ጥጋብ" አለች።

"እንዴ!" አለ እንዳልካቸው። "አገር ስጪኝ! ጎርፍና ጥጋብን ምን አገናኛቸው? ጎርፍ ማለት መፈናቀል ነው፣ ጎርፍ ማለት እርዳታ ነው።"

የወጡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመለሱ። "ርብ ሜዳው ላይ ካልተኛ ሩዝ ከየት ይመጣል?" አለ አንዱ። "ባለፈው ሠርግ ሁለት ሳህን ያነሣኸው በጤዛ የበቀለ መስሎህ ነው?" አለ ሌላው። ሔለን ጩኸቱን ስታይ "ጋሼ መንግሥቴ ይፍረዱ" ብላ ጻፈች።

አገኘሁሽ አጠገቤ ናት። እንዳትጫነኝ ብላ ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች። እኔ ግን ጎርፉ ጣሪያ ደርሶ ሰዎች በታንኳ ሲወጡ ያየሁበትን ዓመት አስታወስኩ። እንዳልካቸው አልዋሸም። እሷም አልዋሸችም። ወጣት ሳለሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ሊሆን አይችልም ብለው አስተምረውኛል፤ ያስተማሩኝ ሰዎች ፎገራን አላዩም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ጎርፍ ቤት ሲገባ መፈናቀል ነው፤ ማሳ ሲገባ ጥጋብ ነው። ጨዋታው የሚጠይቀው መጀመሪያ የመጣላትን ነው፤ የመጣላትም ይኸው ነው። ያለ አግባብ አገር የጠየቀ አገር ይሰጣል።"

ከዚያ እንዳልካቸው፣ "እሺ፣ አዲስ አበባን ሰጠሁ" አለ።

"አዲስ አበባ? ሩዝ አታበቅል፣ ምን ላደርግባት!" ብላ አገኘሁሽ ጮኸች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና እየለቀመች ጻፈች፦ "አዲስ አበባ ገብቼ፣ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮቹን ዞሬ፣ መጽሐፌን አግኝቼ፣ ለአንተ በርበሬውን ጠቅልዬ!" ቀጥላም ታሪኩን እስከምታውቀው ድረስ አስቀመጠችው።

ከመስቀል በኋላ እንዳልካቸው ለዕረፍት አዲስ አበባ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሄደ። ሲመለስ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ መፈልፈያው በር ላይ ቆመ። እኔም እዚያው ነበርኩ። በእጁ ያለው መጽሐፍ ሽፋን ነበረው።

"ባለታንኳ፣ ወንድም፣ ሙላት እያልኩ ስንቱን ሻጭ ዞርኩ መሰለሽ! አበደ ነው ያሉኝ። አንድ ሽማግሌ ብቻ 'ቆይ' ብለው ከጓዳ አወጡት። እትዬ፣ መጨረሻውን እኮ አይቼዋለሁ..."

"ዝም በል! አንድ ቃል ብትተነፍስ ሞተሩ ውስጥ ነው የምጨምርህ!"

ከዚያ አገኘሁሽ በሥራ ቀን አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ሞተሩን አጠፋች። ተራ የያዙት ገበሬዎች ተንጫጩ።

"ኧረ እታለም፣ የእኔ ገና ግማሽ ነው!"

"ባለታንኳው መጥቷል" አለቻቸው። ከበዋት ተቀመጡ።

ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል፣ እያንዳንዱን ፊደል እየረገጠች አነበበች። ታንኳው ሁለት ጊዜ ተንገዳገደ፤ አንድ ገበሬ "ወይኔ!" አለ። ተሻገረ። ወንድምየው ዳር ላይ ቆሞ አየውና፣ "አንተን አልጠራሁም፤ የምጠራው ልጄን ነበር" አለው። ባለታንኳው ልብሱን እየጨመቀ፣ "እንግዲህ መጥቻለሁ" አለ። ወንድምየው ወደ ቤቱ ይዞት ገባ። በኋላ መደቡ ላይ ጠጋ አለለት። በቃ።

"ይኸው ነው?" አለ አንዱ ገበሬ።

አገኘሁሽ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ያ ጠብ የሚመስል ሳቋ መጣ። "ሳይጠራ! ያን ሁሉ ውሃ፣ ሳይጠሩት!" እያለች ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ ብናኙም አብሮ ተጠረገ። ብናኝ የሌለበት ፊቷን ያለ ፋሲካ ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። "እኔስ ብሆን ማን ጠራኝ? የሩዝ ዋጋ ልጠይቅ አይደል የገባሁት!" አለችና ወደ እንዳልካቸው ዞረች። ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ቆሟል። ከተቀመጠችበት ጆንያ ላይ ጠጋ አለችለት። ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ።

ሰዉ ተነሥቶ ሊበተን ሲል አገኘሁሽ መጽሐፉን ገልብጣ ከፊት ገለጠችው። በርበሬው የወሰደባት መጨረሻውን ብቻ ሳይሆን መጀመሪያውንም እንደነበር ትዝ አላት።

"ቆይ እስቲ! እነዚህ ሰዎች መጀመሪያስ በምን ተጣሉ?"

"በመሬት ነው" አለ አንዱ ገበሬ።

"በሚስት ነው እንጂ!" አለ ሌላው።

እንዳልካቸው አፉን ከፈተ።

"አንተ ዝም በል አልኩ!" ብላ ጮኸችና ሞተሩ ወደቆመበት ሳታይ ከአንደኛው ገጽ ማንበብ ጀመረች። ተራው የደረሰው ገበሬ ጆንያውን መልሶ አስቀመጠና ላዩ ላይ ተቀመጠ።