ጁምላ ቡሬ ላይ በስሙ ወደቀ

«ልጄ፣ ድረ ገጽ የፈለግን ከጅምላ ነጋዴ ለመገላገል ነው፤ አንተ ደግሞ ጅምላ ይዘህብን መጣህ?»

ይህን ያሉኝ ዛሬ ቡሬ ላይ የበርበሬ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው።

ድረ ገጻቸው የሚሠራበትን ሥርዓት እያወዳደርኩላቸው ነበር። ወርድፕረስ ለጀማሪ ይቀላል፤ ድሩፓል ጠንካራ ነው፣ ግን ባለሙያ ይፈልጋል። በአማርኛና በአዊኛ መጻፍ ስለሚፈልጉ፣ ሁለት ቋንቋ ያለ ተጨማሪ ማሟያ ፕሮግራም የሚችለውን ጁምላን መረጥኩላቸው።

«አባቴ፣ ስሙ ነው እንጂ ከጅምላ ንግድ ጋር አይገናኝም» አልኩ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» አሉ። ተሰብሳቢው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ድሩፓልን አንዲት እናት «የከብት መድኃኒት ይመስላል» ብለው ጣሉት።

ወርድፕረስ ትርጉሙን ማንም ስላላወቀው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

አሁን አዊኛውን የሚጨምርልኝ ማሟያ እየፈለግሁ ነው፤ መጀመሪያ የማጣራው ስሙን ነው።

እናንተስ፣ የደከማችሁበት ነገር በስሙ ብቻ ወድቆባችሁ ያውቃል?