አባባና የዕብራይስጡ ፊደል

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ኦሮራ

የመኪናዬ መስታወት ላይ አመዳይ ተጋግሮ በመፋቂያ እታገለዋለሁ። አባቴ ጃኬታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ቀበቶ አስረው፣ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ዴንቨር ለመድረስ ይሄ ሁሉ ዝግጅት! በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ እኮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዳዊት ሲደግሙ “አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ” እያሉ የዕብራይስጥ ፊደላትን ስም ይጠራሉ። መልካቸውን ግን አይተው አያውቁም። በስልኬ ላሳያቸው ብል፣ “ከነመጽሐፉ ካልሆነ ይቅርብኝ” አሉ። አሁን ደግሞ ግላኮማ ግራ ዓይናቸውን ወስዶ፣ ቀኙን ከዳር ከዳር እየበላው ነው። የጠፋው እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሯቸዋል።

ዴንቨር ያለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ የማተሚያ መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ጣሊያን አገር የታተመ የአይሁድ የኦሪት ትርጓሜ እንዳለው የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ካባላ ከሚሉት የምስጢር ትምህርታቸው ጋር የተያያዘ ነው አለችኝ። ወዲያው ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

ጠዋት፣ ኮልፋክስ ጎዳና

ጎማ ቤት፣ ሞቴል፣ የሐበሻ ሱቅ፣ እንደገና ጎማ ቤት። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግኩና ሻይና ዳቦ ይዤ ተመለስኩ።

“እኔ አልቀምስም” አሉ አባባ።

“ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ምን ጾም አለ?”

“የእግዚአብሔር ስም ያለበት መጽሐፍ ፊት በልቼ አልቀርብም።”

“የዓይን ጠብታውንስ አድርገዋል?”

“ጉሮሮዬ ድረስ ወርዶ ይመረኛል። እሱም ጾም ያስገድፋል” አሉ።

በስመ አብ! ዓይናቸው ሳይጠፋ ሊያዩት እየሄዱ ዓይናቸውን ያጠፋሉ? ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። ወይ ፍንክች! ቀሪውን መንገድ ተኳርፈን ሄድን።

ረፋድ፣ ዴንቨር

የቤተ መጻሕፍቱ የጥንት መጻሕፍት ክፍል ኃላፊ አጠር ያለች ሽበታም ሴት ናት፤ ራሷም አይሁዳዊት ናት። ስሟን ስትነግረን አባባ “ርብቃ!” ብለው እንደ ዘመድ ጨበጧት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ርብቃ ግራ ገብቷት አየችኝ። ንዴቴ ገና ስላልበረደ ስለ ጫማውም ስለ ጾሙም ስለ ጠብታውም ዘከዘክኩላት።

አልሳቀችም። “መጽሐፉን የምጠብቀው እኔ ነኝ አይደል? ይቅርታ ካስፈለገ እኔ እጠይቅልዎታለሁ። መድኃኒቱን ያድርጉ” አለች። ተረጎምኩላቸው። አባባ ካህን እንደፈቀደላቸው ሁሉ ቀና ብለው ዓይናቸውን ከፈቱልኝ። የልጅ ቃል ከሰው ቃል አይቆጠርም ማለት ነው! የጠብታው ጭጋግ እስኪለቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆየን።

ከዚያ መጽሐፉ መጣ።

ርብቃ ትራስ ላይ አስተኝታ ስትገልጠው ጠጋ አልኩ። ወረቀቱ ብል ቢበላውም ቀለሙ ትናንት የታተመ ይመስላል። መሐል ላይ ደማቅ ቃል፣ ዙሪያውን ደቃቅ ማብራሪያ። ስንት እጅ፣ ስንት ስደት አልፎ እዚህ ደረሰ? እኔ ዳዊት እንኳን የማልደግመው ሴት አማተብኩ።

“አንድምታ ነው እኮ!” አሉ አባባ። ደቃቁ አልታያቸውም። አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ መጀመሪያ ላይ ያለው ትልቅ ፊደል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

“አሌፍ?”

“ቤት” አለች ርብቃ።

“ቤት!” አባባ ደነገጡ። “ኦሪት በሁለተኛው ፊደል ነው እንዴ የሚጀምረው?”

ርብቃ ሳትነካው በጣቷ ዙሪያውን አሳየች። “ከላይ፣ ከታች፣ ከኋላ ዝግ ነው። ክፍት የሆነው ንባቡ በሚሄድበት፣ በግራ በኩል ብቻ ነው። ሊቃውንታችን፣ የተዘጋውን አትጠይቅ፣ ወደፊት ሂድ ማለት ነው ይላሉ።”

አባባ ስሰማቸው የማላውቀውን ዓይነት ሳቅ ሳቁ። እንባቸውም አብሮ ወረደ።

“የኔ ዓይን ነዋ! ከላይ ጨለማ፣ ከታች ጨለማ፣ ከጎን ጨለማ። ፊት ለፊቴን ግን ይኸው አያለሁ። ንገሪያት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?”

ርብቃ እኔን ታያለች። “ይሄ ፊደል የኔ ዓይን ነው ይላሉ” አልኳት።