ሁለት ሞተር፣ አንድ ቁጥር

በድንጋጤ ወይም በችኮላ ያደረግሁት ቢሆን ኖሮ ለራሴ አንድ ሰበብ ባላጣሁ ነበር። እኔ ግን አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ፣ እየለካሁ፣ እየሞረድኩ ነው የሠራሁት። ስጨርስም ደስ ብሎኛል። ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ ከሁሉ በላይ ያ ደስታ ነው።

መኪናዋ ቮልስ ናት፤ ዕድሜዋ ከአባቴ ይበልጣል። ባለቤቷ ሲያትል አጠገብ፣ ዋይት ሴንተር ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጎረቤታቸው የነበረ አሜሪካዊ እርጅና ሲጫነው ልጁ ጋ ሊኖር ሄደ፤ ሲሄድም ቁልፉንና የመኪናዋን ወረቀት በፖስታ አድርጎ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ከሱቁ ጀርባ ሸራ ለብሳ ዓመታት ቆመች። እኔ ስካይዌይ ሰፈር ነው የምኖረው፤ ኦበርን ያለ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። መካኒክነት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከቪዲዮና ከአንድ አሮጌ የጥገና መጽሐፍ ነው የለቃቀምኩት። አንድ ቀን በርበሬ ልገዛ ሄጄ በሱቁ የኋላ በር በኩል ሸራው ሥር ያለውን ቅርፅ አየሁ።

«ጋሼ፣ ትነሳለች?» አልኳቸው።

«እኔ ራሴ ከአልጋ የምነሳው በስንት መከራ ነው፤ እሷን አንተው ጠይቃት» አሉኝ።

ጠየቅኋት፤ አልተነሳችም። ሞተሩ ተሰንጥቆ ነበር። ጋሼ አስበው አስበው ታድሶ የተሠራ ሌላ ሞተር አስመጡ። ከሳጥኑ ያወጣነው እኔና እሳቸው ነን። የሞተር ቁጥር የሚመታበት ቦታ ባዶ ነበር። አውራ ጣታቸውን አሳለፉበትና «እንደ ሕፃን ግንባር» አሉ። የቮልስ ሞተር በአራት ቡሎን ነው የሚያዘው፤ አሮጌውን በክሪክ አውርጄ አዲሱን በሁለት ቅዳሜ ገጠምኩት። አሮጌውን ብረት ሰብሳቢ እንዲወስደው ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ። እኔም ከዚያ በኋላ አላሰብኩትም።

ብዙም ሳይቆይ የሕንጻው ባለቤት ደብዳቤ ጻፈላቸው። የታደሰ ታርጋ የሌላት መኪና እስከ ወሩ መጨረሻ ከግቢው ካልወጣች ትጎተታለች ይላል። ጋሼ የወረቀት ጉዳይ ሲኖራቸው እኔን ያስከትላሉ፤ ያን ቀን ግን ሱቁን ዘግተው መሄድ ስላልቻሉ ፖስታውን ይዤ ወደ ምዝገባ ቢሮው የሄድኩት እኔ ነኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ እዚህ ላይ የተጻፈው የሞተሩ ቁጥር እንጂ የመኪናዋ አካል ቁጥር አይደለም አለችኝ፤ በጣም ድሮ እንዲህ ይመዘገብ ነበር። ሞተሩ መቀየሩን ስነግራት ፊቷ እንኳ አልተለወጠም።

«ችግር የለውም። የአዲሱን ሞተር ደረሰኝ ያዝና መኪናዋን ለኢንስፔክሽን ውሰዳት። ሻንሲው ላይ ያለውን ቁጥር አይተው በሱ ትመዘገባለች።»

ይኸው ነው። ደረሰኙ በዚያች ሰዓት እጄ ላይ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ነበር።

አላመንኳትም። አባቴ አዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ነበር። ትንሽ ሆኜ ለዓመታዊው ምርመራ በገባ ጊዜ የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አልገጠመም ተባለና ታክሲዋ ተያዘች። ለወራት በየጠዋቱ ኮቱን ለብሶ፣ ሊብሬውን ደረት ኪሱ ከቶ ይወጣ ነበር፤ ማታም ያንኑ ሊብሬ ይዞ ይመለሳል። በመጨረሻ የተገላገለው ከአንድ ጋራዥ የመጣ ሰው ቁጥሩን ሞተሩ ላይ መትቶለት ነው። እኛ ቤት ያ ሰው ሲነሳ እንደ ሐኪም ነበር የሚመሰገነው። ስለዚህ የሲያትሏ ሠራተኛ «ችግር የለውም» ስትለኝ፣ ችግሩን ገና አላየችውም ብዬ ወጣሁ። ለጋሼም የነገረችኝን በሙሉ አልነገርኳቸውም። «ኢንስፔክሽን ብቻ ነው የቀረው» አልኳቸው።

የሚቀጥለው እሑድ ሱቁ ዝግ ነበር፤ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የኋላ በሩን ቁልፍ ሰጥተውኛል። የአሮጌውን ሞተር ቁጥር ከመፍታቴ በፊት ፎቶ አንስቼው ስለነበር እሱን ከፊቴ አቆምኩ። ብረት ላይ ቁጥር መምቻ ሳጥን ገዝቼ ነበር፤ ስድስቷ ስትገለበጥ ዘጠኝ ስለምትሆን በውስጡ ያሉት ዘጠኝ ትንንሽ ብረቶች ናቸው። መጀመሪያ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ተለማመድኩ። የፋብሪካው አራት ቁጥር አናቱ ክፍት ነው፤ የኔው ዝግ። ሞርጄ ከፈትኩት። ክፍተቱን ለካሁ፣ መስመሩን በእርሳስ አሰመርኩ፣ መታሁ። ሰባቷ ብቻ ትንሽ ጠለቀች። አዲስ እንዳይመስል ኮምጣጤና ጨው ቀባሁትና እስኪዝግ ጠበቅሁ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ አየሁት።

የኢንስፔክሽኑ ቀን መኪናዋን በተከራየሁት ተጎታች ወሰድኳት። ጋሼ በሱቁ ቫን ከኋላዬ መጡ። ግቢው ውስጥ ተራ ስንጠብቅ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል? ቪዛ ልትጠይቅ የመጣህ መሰልክ እኮ!»

«ምንም፣ ጋሼ። በርዶኝ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ሽበታም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የኋላውን ወንበር አንስታ ከሥሩ ያለውን የሻንሲ ቁጥር በባትሪ አነበበችና ጻፈች። «ይኼ ይበቃል» አለች። «ሞተሩን እንዲያው አንዴ ልየው።» የኋላ ክዳኑን ስትከፍት ጋሼ ክንዴን ያዙኝ።

«ንገራት እንጂ። አሮጌው ሞተር ቫኑ ውስጥ አለ በላት። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ያለው እሱ ላይ ነው። አልሰጠሁትም ለብረት ሰብሳቢው፤ ከጤፉ ጆንያ ሥር ነበር ያስቀመጥኩት። ይጠይቁ ይሆናል ብዬ።»

ፊታቸው ላይ ያየሁት ኩራት አንድ ልጅ የቤት ሥራውን ሠርቶ ሲመጣ የሚታይበት ዓይነት ነው። እንደማልነግራት ሲያዩ ራሳቸው በእንግሊዝኛ ነገሯትና የቫኑን በር ከፈቱላት። አሮጌውን ሞተር በጨርቅ ጠርጋ አነበበች። ወደ ቮልሷ ተመለሰች፤ አጎንብሳ አነበበች። ደግማ ወደ ቫኑ ሄደች። ስትመለስ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አስጠግታ ነበር።

«ሁለት ሞተር፣ አንድ ቁጥር» አለች። «ይኼኛውን ማን ነው የመታው?»

የጠየቀችው እኔን ነው። ጋሼ አጠገቤ ቆመዋል። እኔም በእንግሊዝኛ፣ ድምፄ ሳይናወጥ፣ «እሳቸው ሲገዙት እንዲሁ ነበር» አልኩ።

ወደ ጋሼ ዞረች። «እውነት ነው?»

ጋሼ እኔን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ለእሷ፣ «ልጁ የሚያውቀውን ነው የሚናገረው» አሏት።

መኪናዋ እዚያው እንድትቆይ ተደረገ። የጋሼን መንጃ ፈቃድ ተቀብላ ስማቸውን ሪፖርቱ ላይ ስትጽፍ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ቆመው ነበር፤ እንደ ተማሪ። ሰው ሲገባና ሲወጣ ያያቸዋል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ከተማ ስኖር ፖሊስ አስቁሞኝ አያውቅም ብለው በአንድ ወቅት ነግረውኝ ነበር።

ተጎታቹን መልሼ በእሳቸው ቫን ገባሁ። አሮጌው ሞተር ከኋላችን በየመታጠፊያው ይንሸራተታል። ጋሼ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣

«ከሳጥኑ ስናወጣው ባዶ ነበር» አሉ። «በእጄ ዳስሼዋለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ለእሷ በእንግሊዝኛ ያልካት እንዳልገባኝ ነው ያሰብከው? ይህን ሁሉ ዓመት ሱቅ ከፍቼ ስሸጥ ከደንበኛው ጋር በምን የማወራ ይመስልሃል፣ በጥቅሻ?»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

«ለወረቀት ጉዳይ አንተን የማስከትልህ እንግሊዝኛ ስለማልችል አይደለም» አሉ። «ሁለት ሰው ሲሰማው ነገር አይጠፋም ብዬ ነው።»

ሱቁ በር ላይ አወረዱኝ። ሂድና ተናገር አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ታዝዤ ሄድኩ እል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ቦታ ደውዬ እንደማልመጣ ነገርኳቸው። ኢንስፔክሽኑ ግቢ በሩ ሳይከፈት ነው የደረስኩት። ዘጠኙን ብረቶች ከነሳጥናቸው ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የአራት ቁጥሯን ብረት ብቻዋን አወጣሁና የሞረድኩበትን አሳየኋት። ለምን አሳየኋት? እውነቱን ለማስረዳት ነው ብዬ ነበር ያኔ። አሁን ሳስበው ግን ሥራዬን እንድታይልኝም የፈለግሁ ይመስለኛል።

«ለምን?» አለችኝ።

ስለ አባቴ ታክሲ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ምዝገባ ቢሮ ምን አሉህ?»

«የሞተሩን ደረሰኝ ያዝ አሉኝ።»

«አለህ?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አሁንም ፕላስቲኩ ውስጥ ነው፤ አንድም እጥፋት የለውም። ደረሰኙን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ደረሰኙን አየች። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ያደረግሁትን በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። የጋሼ ስም ከሪፖርቱ ወጥቶ የኔ ገባ፤ የሚወሰነውንም በደብዳቤ እንደምሰማ ነገረችኝ። በኋላ የመጣው ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ነበር። የመታሁትን ቁጥር ኢንስፔክተሯ ቆማ እያየች ራሴ በሞረድ አጠፋሁት። ሌሎቹ ቶሎ ጠፉ። ሰባቷ አልጠፋ አለችኝ። መኪናዋ በሻንሲዋ ቁጥር ተመዝግባ ወደ ሱቁ ጀርባ ተመለሰች። የሕንጻው ባለቤት የሰጠው ቀን ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አዲስ ታርጋ ለጥፋ ከግቢው በራሷ ሞተር ወጣች።

ታርጋውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ያያሉ።

«ስሜን አወጣችው?»

«አውጥታዋለች፣ ጋሼ።»

«ያንተስ?»

«ገብቷል።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ደንበኛ ስለመጣ ወደ ውስጥ ገቡ።

አሁንም ይደውሉልኛል። ካርቡራተሩ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል፤ «ና እስቲ፣ ይህች ሴትዮ ዛሬም ታስላለች» ይሉኛል። ሄጄ አስተካክላለሁ። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር የሞረድኩት ቦታ ከሌላው ብረት ነጣ ብሎ ይታየኛል። ባለፈው ወር የሱቁን ፈቃድ ሊያሳድሱ ሄደው እንደነበር የሰማሁት ግን ከተመለሱ በኋላ ነው። ወረቀታቸውን በዚያው ፖስታ ይዘው፣ ቮልሷን ራሳቸው እየነዱ፣ ብቻቸውን ሄደዋል።