የሐሊማ ወገብ

ትናንት ምሳ ላይ ልጄ ሰዓዳ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሳ፣ «እማ፣ አክስቴ ራቢያ አሟታል አሉ። ወልድያ ሄደሽ አንድ ሳምንት ብታስታምሚያትስ?» አለችኝ። ራቢያ የሟቹ ባሌ እህት ናት፤ ከተኮራረፍን ዓመታት አልፈዋል። እኔ ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም የመርሳን ገበያ በእግሬ አዳርሳለሁ። ከሰዓዳ ጋር ስኖር እንደማልመቻትም አውቃለሁ፤ ወጧን እነቅፋለሁ፣ ልጆቿን እቆጣለሁ፣ ያጠበችውን መልሼ አጥባለሁ። አንገቴ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ ዳሰስኩ። ይህን ዘዴ አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ ተጠቅሜበታለሁ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወልድያ እየተጠጋ ነበር፤ ስልክም እንደ ዛሬው በየኪሱ የለም። እንቅርት አብጦ መተንፈስ ቢያቅተኝ ወልድያ ሆስፒታል ለቀዶ ጥገና ቀጠሩኝ፤ ዐሥር ቀን ትተኛለሽ አሉኝ። ችግሩ እናቴ ዘሃራ ነበረች። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል፤ ማሽላው እሸት ሲሆን ግን ወንጭፏን ይዛ ማማ ላይ ትወጣና ወፍ ስታባርር ትውላለች። በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ከማማው ወደቀች። ሁለቱንም ጊዜ «አዳለጠኝ» አለች። ብቻዋን ትቻት ብሄድ በሕይወት አላገኛትም ብዬ ፈራሁ። ሰው ይጠብቅሽ ማለት ደግሞ አይሞከርም፤ አንዴ ብላት ሦስት ቀን አኩርፋኛለች።

አንድ ወንድሜ ለዘመቻ ተወስዶ ነበር። የቀሩኝ ሰው ውርጌሳ የሚኖሩት እማ ሐሊማ ብቻ ናቸው፤ የእናቴ ጣውንት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። ቢሆንም ሌላ ምርጫ አልነበረኝምና ሄጄ ለመንኳቸው። «እናቴ ደክማለች፤ ነገርም ትረሳለች። ዐሥር ቀን ብቻ ያሳርፉልኝ» አልኳቸው።

«ጉልበት ሳላት ደጄን አልረገጠችም። ስትደክም ነው የምታመጭልኝ?» አሉ እማ ሐሊማ። ከዚያ ግን፣ «ላኪያት። ደክማ ልያት» አሉኝ።

ወደ ቤቴ ተመለስኩና እናቴን በሌላ ውሸት ያዝኳት። «እማ ሐሊማ ወገባቸው ተይዞ ተኝተዋል፤ ማሽላቸውን ወፍ እየጨረሰው ነው» አልኳት።

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ምላሴ አልተያዘም። እናቴ ወንጭፏን ለመጠቅለል የቸኮለችው ለእዝነት አልነበረም፤ ጣውንቷን ተኝታ ለማየት ነው። መርሳ መናኸሪያ እሷን ወደ ውርጌሳ በሚሄደው አውቶቡስ አሳፍሬ፣ እኔ ወደ ወልድያ በሚሄደው ተሳፈርኩ። አብሬያት ያልሄድኩት ሲገናኙ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነው።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። በስድስተኛው ቀን ግን ውጊያው ደረሰና መንገዱ ተዘጋ፤ ዐሥሩ ቀን ሰባት ሳምንት ሆነ። ከባድ መሣሪያ መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው ሁሉም ስለ ሞት ሲያወራ፣ እኔ ሁለቱ ሴቶች ምን ተባብለው ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር። መንገዱ ሲከፈት በእግሬ ተነሳሁ። ሲሪንቃ አካባቢ የተቃጠሉ መኪኖች ዳርና ዳር ቆመዋል፤ አጫጅ ያጣው ማሽላ አንገቱን ደፍቶ ወፍ ይበላዋል። እናቴ ብታየው ኖሮ ታለቅስ እንደነበር አሰብኩ።

በማግስቱ ውርጌሳ ስደርስ ሁለቱም ማሳ ውስጥ ነበሩ፤ ከመሀል ጀምረው ጀርባ ተሰጣጥተው ያጭዳሉ። መጀመሪያ ያዩኝ እማ ሐሊማ ናቸው።

«መጣሽ ቀጣፊ? እንደምታይኝ ወገቤ ደህና ነው» አሉኝ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስለ ዘሃራ ያልሽው ግን ልክ ነው፣ ደክማለች። እንዳትወጣበት ማማዬን በመጣች ቀን አፈረስኩት። አሳዝናኝ ነው እንጂ በማግስቱ አባርራት ነበር።»

እናቴ ማጭዷን እያወዛወዘች መጣች። እንኳን አላህ አተረፈሽ አላለችኝም። «ደከመች ብለሽ አዋረድሽኝ፤ አልረሳልሽም። የሷ ወገብ ግን እውነት ነው። ስታጎነብስ አያታለሁ፤ ለሷ ብዬ ነው የቆየሁ» አለችኝ።

ውሸቴ የተገለጠው በመጀመሪያው ቀን ነው። እማ ሐሊማ ለደካማዋ አጥሚት አፍልተው ሲገቡ፣ እናቴ ለወገባቸው ቅቤ አቅልጣ ትጠብቃቸዋለች። እዚያው ተሰዳደቡ፤ ግን ሁለቱም ስለ ራሳቸው የተነገረውን ብቻ ውሸት አደረጉት፤ ስለ ሌላዋ የተነገረውን አመኑ። የጦር አውሮፕላን በመጣ ቁጥር አንዷ ሌላዋን ጎትታ ገደል ሥር ታስገባለች፤ ማን ማንን እንደጎተተ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም።

እናቴን ወደ መርሳ ከመለስኳት በኋላ ስድባቸው በአውቶቡስ ሆነ። እናቴ የማሽላ እሸት ትልካለች፤ ባዶው ቅርጫት «ከወፍ የተረፈ ነው» ከሚል መልእክት ጋር ይመለሳል። እናቴ እየተሳደበች ደግማ ትሞላዋለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ መንገደኛ ቤታችን መጣና፣ ሐሊማ ታመው ዘሃራን ጥሩልኝ እያሉ መሆኑን ነገረኝ። እየሮጥኩ ማሳ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ቀና እንኳ ሳትል፣ «ደግሞ የት ልትሄጂ አስበሽ ነው?» አለችኝ።

«እማ፣ ወላሂ እውነት ነው።»

«ያኔም ወላሂ ብለሽ ነበር።»

ለመንኳት፣ አለቀስኩ፤ አልሰማችኝም። መርዶው የመጣ ዕለት ተነስታ ሄደች፤ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። በአራተኛው ቀን ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ትክ ብላ አየችኝ። «ወገቧን ነው አሉ የጀመራት» አለች። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ የነገርኳትን አላመነችም፤ ዝናብ መጣ ስላት እንኳ ወጥታ ሰማዩን ታያለች። ይቅር በይኝ ለማለትም አፍ አጣሁ።

እና ትናንት ሰዓዳን፣ «ለራቢያስ ስለኔ ምን አልሻት?» አልኳት።

«ምንም» አለች፤ ፈጥና። ንዴቴ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ደግሞ የት ልትሄጂ አስበሽ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የእናቴ ድምፅ ሊወጣ ሲል መልሼ ዋጥኩት።

ዛሬ ጧት ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ፣ «አላመንኩሽም» ብያት ወጣሁ። አሁን መናኸሪያ ተቀምጬ የወልድያን መኪና እጠብቃለሁ። ስደርስ ያቺ ራቢያ በደህና ጤናዋ በሩ ላይ ቆማ፣ ለደካማዋ አጥሚት አፍልታ ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት።