ቆሞ የሚያልም ፈረስ

የእንስሳት ሐኪም ሆኜ አዳማ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ቀይ ፈረሳቸውን እየጎተቱ ክሊኒካችን መጡ። የፈረሱ ሁለቱም የፊት ጉልበቶች ተልጠው ነበር፤ አሮጌ ቁስል ላይ አዲስ ቁስል ተደርቧል።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ። ይኼ ፈረስ ይወድቃል" አሉኝ። "ገበያው በር ላይ ቆመን ሰው ስንጠብቅ ድንገት እጥፍ ይልና በጉልበቱ መሬቱን ይመታዋል። ወዲያው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።"

"ሲሄድስ ይወድቃል?"

"ኧረ ሲሄድማ ደህና ነው! ቆም ሲል ነው እንጂ። ባለቤቴ ዓይን በልቶታል ትላለች። ጎረቤቱ ደግሞ የሚጥል በሽታ ነው፣ ሽጠው ይለኛል። ስምንት ዓመት አብሮኝ የሠራውን እንዴት ብዬ?"

ሙቀቱን ለካሁ፣ ልቡን አዳመጥኩ፣ ሰኮናውን እያነሳሁ አየሁ። ምንም የለበትም። እውነቱን ለመናገር ግራ ስለገባኝ ቁስሉን አጥቤ ልሸኛቸው ነበር። ቅባቱን ስፈልግ ግን የፈረሱ ዓይን ክድን ክድን አለ። አንገቱ ቀስ እያለ ወረደ፣ አፍንጫው መሬት ሊነካ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ ደንግጦም ቀና አለ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከምሳ በኋላ ባለው ትምህርት እኔ ራሴ እንዲሁ ነበርኩ።

"አባባ፣ የት ነው የሚያድረው?"

ቤታቸው ወሰዱኝ። ክረምት ላይ ቤት ቀይረው ነበር። በአዲሱ ግቢ ፈረሱ የሚያድረው በአጥሩና በማገዶው ክምር መካከል በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል ነው። ወለሉ ድንጋይ፣ ስፋቱ ደግሞ መዞር እንኳ የማያስችል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆርቆሮውን በእጄ ብነካው ለበለበኝ።

"እንቅልፍ አጥቶ ነው" አልኳቸው።

"ፈረስ ቆሞ ይተኛ የለም እንዴ?"

"ቆሞማ ማሸለብ ብቻ ነው የሚችለው። ሕልም ያለበት እንቅልፍ ሲሆን ግን መጋደም አለበት። ያኔ አንጎሉ ጡንቻውን ሁሉ ይፈታዋል፣ በሕልሙ ተነስቶ እንዳይሮጥ። ያ እንቅልፍ ቆሞ ሳለ ከመጣበት ..."

"ይወድቃል!" አሉ ሽማግሌው።

ሙቀቱንም ነገርኳቸው። አንጎል ሥር የገላን ሙቀት የምትቆጣጠር ትንሽ ክፍል አለች፤ እንቅልፍ የሚጠሩት ክፍሎችም እዚያው ጎረቤቶቿ ናቸው። ሊተኛ ሲል ገላውን ቀዝቀዝ ታደርግለታለች። ቆርቆሮው ቀን እንደ ምጣድ ግሎ ሲያመሽ ግን ሥራዋ ይከብዳታል።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኛ በየማለዳው እንዴት አደርሽ፣ እንዴት አደርክ እንባባላለን። እሱን አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።"

በማግስቱ ማገዶውን አነሱ፣ በግቢው በኩል ያለውን ቆርቆሮ ነቀሉ፣ ጭድ በወፍራሙ አነጠፉ። ልብስ ማጠቢያ ቦታዬን ወሰደብኝ ብለው ባለቤታቸው ትንሽ አጉረመረሙ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ እሑድ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ባለቤትየዋ ናቸው።

"ዶክተርዬ ድረሺ! ፈረሱ ሞተ!"

በባጃጅ በረርኩ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይዘዋል። ፈረሱ ጭዱ ላይ በጎኑ ተዘርግቷል፣ እግሮቹ ተገትረዋል። እኔም ገደልኩት ብዬ ሮጬ ተጠጋሁት። ተንበርክኬ ሳየው ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከሽፋሽፍቱ ሥር ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዚያ የኋላ እግሩ ፈራገጥ ፈራገጥ አለና በቀጭኑ አሽካካ።

"አልሞተም" አልኩ በሹክሹክታ። "እያለመ ነው።"

ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ምን እያለመ ይሆን?"

"ባዝራ ነዋ!" አሉ ሽማግሌው። ሚስታቸው ትከሻቸውን መቷቸው፤ ሦስታችንም ፈረሱን እንዳንቀሰቅስ ሳቃችንን አፍነን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ከዚያ በኋላ አልወደቀም። ጉልበቱ ድኖ ነጭ ጸጉር አበቀለ። እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ፣ ሴትዮዋ በሩ ላይ ተቀብለው "ቀስ በሉ፣ ተኝቷል" ይላሉ አሉ። ብዙ ሰው ባልየውን ማለታቸው ይመስለዋል።