እናቴ የሳቀችበት ሳምንት

«ጨካኝ ነሽ። ቁርጥ አባትሽን!» አለችኝ እናቴ ፊት ለፊቴ ቆማ። ያደረግሁት ነገር ቢኖር አንድ ፎቶ ፍሪጁ ላይ መለጠፍ ነው። ሃይስኩል ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ቤት በተቀመጥኩበት ሰሞን፣ መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም፣ የአባዬን መሳቢያ ስጎረጉር ያልታጠበ ፊልም አገኘሁና ወስጄ አሳጠብኩት። አብዛኛው ተበላሽቷል። አንዱ ግን ጥርት ብሎ ወጣ፤ እማዬ ሁለት እጇን በረዶ ሞልታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ የመንጋጋ ጥርሷ እስኪታይ ስትስቅ። ፎቶውን ከፍሪጁ ላይ ነጠለችው፣ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችውና ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያ ሳምንት ቁልጭ ብሎ መጣብኝ።

አስር ዓመቴ ነበር። ኦክላንድ ውስጥ፣ ከሥሩ የልብስ ማጠቢያ ቤት ካለበት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው፤ ቤታችን ክረምት ከበጋ የሳሙና እንፋሎት ይሸታል። አባዬ የኤርፖርት ሸትል ይነዳ ነበር። የሚያመላልሳቸው ፈረንጆች ጭቃ የጠጣ ጫማቸውን አንጠልጥለው፣ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ፣ ስለ ተራራ እያወሩ ይገባሉ። እሱም የሰማውን እራት ላይ ለእኛ ያወራል፤ መኪና በውስጡ የሚያሳልፍ ዛፍ፣ ከሰማይ የሚወርድ የሚመስል ፏፏቴ፣ በሐምሌ ያልቀለጠ በረዶ። «ይሄን ያህል ዓመት ካሊፎርኒያ ኖረን ከፍሪዌይ በቀር ምን አየን?» ይላል።

«ተራራ? ተራራ አይቼ ጨርሻለሁ» ትለዋለች እማዬ። እውነቷን ነው። እኔን አዝላ ከጎንደር እስከ ሱዳን በእግሯ የሄደች ሴት ናት። «ሰው ካላሯሯጠው በቀር ማን ለደስታው ተራራ ይወጣል? ድንኳን ውስጥ የተኛሁትም ለልጅ ልጄ ይበቃል!»

«ድንኳን ማን አለሽ?» አለና አባዬ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ የሪችመንድ ሽማግሌ ላይ አርቪ ተከራይቶ በራችን ላይ አቆመ። ቤት የተጫነበት መኪና ማለት ነው። ውስጡ ቤንዚንና አሮጌ ምንጣፍ ይሸታል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጋረጃው አበባ አበባ ነው። እማዬ ነጠላዋን ታጥቃ ገባችና እንደ ቤት ተከራይ እያንዳንዱን ቁም ሳጥን ከፍታ አየች። ቧንቧውን ስትከፍተው ውሃ ወረደ። ዞር ብላ «ኮንዶ ነው እንዴ የገዛህልን?» አለችው። በዚያው ጓዟን መጫን ጀመረች፤ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ አንድ ጣሳ ቅቤ፣ አንድ ትልቅ ማሰሮ የዶሮ ቁሌት። ለሳምንት ሳይሆን ለሰርግ ነው የተዘጋጀችው።

ዮሰሚቲ የሚባለው የተራራ ፓርክ ስንደርስ ጠባቂው ሬንጀር መጥቶ፣ ሽታ ያለው ምግብ ሁሉ ድብ እንዳይመጣበት የብረት ሳጥን ውስጥ መቆለፍ አለበት አለን። የእማዬን በርበሬ ከፍቶ አሸተተና ዓይኑ እንባ ሞላ። «በይ ንገሪው» አለችኝ እማዬ፤ «ድቡ ይሄን ከቀመሰ አምቡላንስ የሚጠራው ራሱ ነው።» በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ሬንጀሩ እስኪሄድ ድረስ ይስቅ ነበር። ጥዱ ይሸታል፤ አፈሩ ይሸታል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ውሃ እንደመጠጣት ነው። እንዲህ ያለ አየር ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ አባዬ ደህና መድረሳችንን ሊነግር ካምፑ ሱቅ በር ላይ ካለው የሕዝብ ስልክ ሳን ሆዜ ለጋሼ ወርቁ ደወለ። ጋሼ ወርቁ በዕድሜም በወግም የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ወሬ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ነው የሚደርሰው። እኔ ሳንቲሙን ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። «እሺ» አለ አባዬ። «እሺ። መቼ? እሺ ጋሼ።» ስልኩን ከሰቀለው በኋላም እጁን አላነሳም። ከዚያ ሳልጠይቀው ሁለት አይስክሬም ገዛልኝ። እኔ እቴ፣ ለምን ብዬ ልጠይቅ? በላሁ።

ለካ የእማዬ ታናሽ ወንድም መስፍን ጎንደር ታሞ ሞቷል። እሷው አዝላ ያሳደገችው ልጅ። ወጋችንን ታውቁታላችሁ፤ መርዶ እንደ ወሬ በመንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ማለዳ በር ይንኳኳል፣ የሚይዝሽ እጅና የሚያለቅስልሽ ሰው ባለበት ይነገርሻል። ጋሼ ወርቁም ያሉት ይህንኑ ነው፦ «ዛሬውኑ ይዘሃት ና፤ እኛ ተሰብስበን እናረዳታለን።» አባዬም ልንመለስ ነው ሊል ወደ አርቪው መጣ። ያን ሰዓት ግን እማዬ የሆስፒታል ጽዳት ስትሠራ የምታደርገውን ነጭ ጫማ አጥልቃ፣ ሻሿን አስራ፣ ወደ ፏፏቴው መንገድ ጀምራ ነበር። «ና እንጂ ታደሰ! ተራራ ተራራ ስትል አልነበር?»

እንደዚያ ስትሄድ አይቻት አላውቅም። በዘንግ እየተመረኮዙ የሚያዘግሙትን ፈረንጆች አንድ በአንድ ታልፋቸዋለች። «ምነው፣ አሟቸው ነው ምርኩዝ የያዙት?» ትለኛለች። ከአንድ ድንጋይ ወደ ሌላው ትዘላለች፤ እግሯ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ላይ ደርሰን ፊታችን በፏፏቴው ርጭት ሲረጥብ «ማንም ሳያባርረኝ ተራራ ወጣሁ!» ብላ ጮኸች። አባዬ ከኋላ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቷል። «አቧራ ነው» አለ። «ሸትሉ እግርህን በልቶታል!» አለችና ሳቀችበት።

በማግስቱ ጠዋት «እንመለስ» አላት። «ገና ነው። በረዶውን ሳታሳየኝ?» አለችው። ታዮጋ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ ተሻግረን በተራሮቹ ጀርባ ወደ ሰሜን ነዳን። አርቪው ዳገት ላይ እንደ አሮጊት ያቃስታል፤ ማሰሮዎቹ ይንኳኳሉ፤ እማዬ ፊት ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ ቆሎ እየቆረጠመች ትዘፍናለች። አባዬ ጢሙን መላጨት ተወ። አንድ ጠዋት ወንዝ ዳር ተንበርክኮ፣ ፎጣ አፉ ውስጥ ጎስጉሶ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። የውሃው ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ላሰን የሚባለው ተራራ ስንደርስ እውነትም በሐምሌ በረዶ አለ። እማዬ በጫማዋ ገባችበት። አፍሳ ወረወረችብኝ፤ ወረወርኩባት። ከዚያ ራሷ እያጨበጨበች፣ ራሷ እየዘፈነች፣ በረዶው ላይ እስክስታ ወረደች። መኪናቸውን አቁመው ተራራ የሚያዩ ፈረንጆች ከበው አጨበጨቡላት። እሷም ሲያጨበጭቡላት ባሰባት። አባዬ ፎቶ አነሳት። ካሜራው ጠቅ ካለ በኋላም ከፊቱ ላይ ሳያወርደው ብዙ ቆየ።

ቤታችን የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። እማዬ በፀሐይ የተላጠ አፍንጫዋን ክሬም ቀብታ ከፈተች። ጋሼ ወርቁ ከፊት፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ደረጃው እስከ ታች ሞልቷል።

«ማን ነው?» አለች እማዬ።

«አስቴር ልጄ፣ በርቺ» አሉ ጋሼ ወርቁ። «መስፍን ነው።»

አልጮኸችም። «መቼ?» ብላ ጠየቀች። አንዲት ሴት ያጽናናት መስሏት «ሳምንት ሊሆነው ነው እኮ፣ የኔ እመቤት» አለቻት። እማዬ ቀስ ብላ ወደ አባዬ ዞረች።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ።

ጩኸቷ ያኔ ነው የወጣው። ደረቷን እየደቃች ያለቀሰችውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፦ «መስፍኔ፣ አንተ አፈር ስትለብስ እኔ ፈረንጅ ፊት ጨፈርኩ! አንተ አፈር ስትለብስ እኔ በረዶ ስወረውር!» ሴቶቹ ምን እንደምትል አልገባቸውም። እኛ ሦስታችን ግን ገብቶናል።

አልተፋቱም። ምግቡን ታቀርባለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ታናግረዋለች። ከዚያ ወዲህ ግን ሳቅ ሲመጣባት አፏን በእጇ ትይዛለች። ተራራ የሚባል ቃል ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። እኔ ከልጅነቴ እንደዚያ ሳምንት ደስ ያለኝ ጊዜ የለም፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር ማለት አልችልም፣ እንደ ነውር ነው። የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሞቱን ማንም አላስቀረውም፤ ሳቋ ግን ያለ አግባብ ተወሰደባት፣ ከእኛም ተወሰደ።

አምና አባዬን ጠየቅሁት። ሸትሉ ውስጥ ነን፣ ሁለታችን ብቻ። «ለምን አልመለስካትም?» አልኩት። እኔ ነገር ማዞር አላውቅም። መሪውን እያየ፣ «እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር» አለኝ። «አንድ ቀን ልጨምርላት አልኩ። ከዚያ ደግሞ ሌላ አንድ ቀን።»

አሁን አፕታውን የሚባለው ሰፈር ሬስቶራንት ውስጥ እሠራለሁ። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር አንዳንዴ ተራራ እንሄዳለን፤ ጫማችን ውድ ነው፣ ሁሉም ነገር አለን፣ የሚዘፍን ሰው ግን የለም። የሚፈልገኝ ሰው የሚጠራኝ ፔጀሬ ኪሴ ውስጥ ነው። ክፉ ነገር ከመጣ እዚያው፣ ድንጋዩ ላይ ብሆንም ንገሩኝ ብዬ ለሁሉም ተናግሬአለሁ። የኛ ትውልድ ልጆች ብዙዎቻችን እንዲህ ነን መሰለኝ። ወደ ሳሎን ስንገባ ትልልቆቹ በአንዴ ዝም ሲሉ ያደግን ልጆች ነን።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስገባ ሳሎናችን ሞልቶ ነበር። የእማዬ ጓደኛ የእትዬ አበበች አባት ደሴ አርፈዋል። የእትዬ አበበች ልጅ ደግሞ ቅዳሜ ማውንቴን ቪው ውስጥ ታገባለች። ጋሼ ወርቁ ነገ ማለዳ እናርዳት ይላሉ። ሌላው ሰርጉ ይፈርሳል ይላል። ክርክሩ ሲከር እማዬ ከወንበሯ ቀና አለች።

«ቅዳሜ ትጨፍር» አለች።

«እማዬ!» አልኳት።

«አንቺ ዝም በይ።»

«ኋላ ስታውቅ ትጠላናለች፣ አስቴር» አሏት ጋሼ ወርቁ በቀስታ። «ይሄ አንቺን ይጠፋሻል?»

«ትጥላን። እኔን ትጥላኝ። ልጇን እየሳቀች ትዳር። ሰኞ ማለዳ እኔው አፌን ከፍቼ እነግራታለሁ።»

አባዬ ጥግ ላይ የተዘጋ ቴሌቪዥን እያየ ተቀምጦ ነበር። ቀና አለ።

«አስቱ» አላት።

አልዞረችም። «ተነሳና ለሰዎቹ ሻይ ቅዳ፣ ታደሰ» አለችው።

ተነሳ። ስኒዎቹን ሰብስቦ ወደ ኩሽና ገባ። እኔ ጃኬቴን አነሳሁ፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ወደ እትዬ አበበች ቤት ልሄድ ደረጃውን ወረድኩ።